ሁለት ሚዛን በአንድ ከረጢት

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25 ከተጻፉት ትእዛዛት አንዱ የነጋዴን ሚዛን ይመለከታል። ሰው በከረጢቱ ውስጥ ሁለት የሚዛን ድንጋይ፣ አንዱን ከባድ አንዱን ቀላል አድርጎ እንዳይዝ ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለት ድንጋይ የያዘ ነጋዴ ሲገዛ በከባዱ፣ ሲሸጥ በቀላሉ ይመዝናል። ይህ ሕግ ለገበያ ብቻ የተሰጠ አይመስለንም። ሰው በሰው ላይ በሚፈርድበት ጊዜም በልቡ ከረጢት ሁለት ድንጋይ ሊይዝ ይችላልና። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄም ይኸው ነው። ትናንት ከባዕድ አገር መጥተው ዛሬ የአገሩ ተወላጆች ስለ ተባሉት ስደተኞች የሚነገረው፣ ዛሬ በበር ቆመው ስለሚጠባበቁት ከሚነገረው ለምን ይህን ያህል ተለየ? በእውነት ሰዎቹ ተለይተው ነው ወይስ ሚዛኑ?

ጥያቄው ለምእመናኖቻችን ሩቅ አይደለም። በየቁምስናችን ልጁ፣ እኅቱ ወይም የአጎቱ ልጅ በባዕድ አገር የማይኖርበት ቤተሰብ ጥቂት ነው። ለምሳሌ የአሜሪካን ታሪክ መርጠናል፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት አገር ናትና። ከዚህም በላይ በዚያች አገር ታሪክ ለረጅም ጊዜ «ከእኛ ጋር ሊዋሐድ የማይችል እንግዳ» እየተባለ ሲነቀፍ የኖረው ካቶሊካዊው ስደተኛ ነበር።

የትናንቱ እንግዳ

እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ታላቅ ረኃብ ሆነ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ሲያልቅ፣ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው ደግሞ አገሩን ጥሎ ተሰደደ። ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹ አሜሪካ ገቡ። ድሆች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ታመው ከመርከብ ወረዱ፤ ከእርሻ ሥራ በቀር ሌላ ሙያ የሌላቸውም ብዙ ነበሩ።

ጥላቻው ግን ከእነርሱ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃቸው ነበር። በ1834 በቦስተን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በቻርልስታውን የኡርሱሊን ደናግል ገዳም በሕዝብ ሁከት ተቃጠለ። በ1844 በፊላደልፍያ የቅዱስ ሚካኤልና የቅዱስ አውግስጢኖስ አብያተ ክርስቲያናት በእሳት ጋዩ፤ የሰውም ሕይወት ጠፋ። በ1850ዎቹ ደግሞ ስደተኛውን፣ በተለይም ካቶሊካዊውን፣ የሚቃወም የፖለቲካ ማኅበር ተነሣ። አባላቱ ስለ ማኅበራቸው በተጠየቁ ጊዜ «ምንም አላውቅም» እያሉ ስለሚመልሱ ስማቸው «ምንም አላውቅም ባዮች» ሆኖ ቀረ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ስደተኛ ዜግነት ለማግኘት 21 ዓመት እንዲጠብቅ ነበር። በ1856 በተደረገው ምርጫ እጩ ሆኖ የቀረበላቸው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሚላርድ ፊልሞር ከመራጩ ሕዝብ ከአምስት አንድ እጅ የበለጠ ድምፅ አግኝቷል።

ክሱ ምን ነበር? አየርላንዳዊው ለሮም ጳጳስ እንጂ ለአገሩ ሕግ አይታመንም፤ ሰካራምና ወንጀለኛ ነው፤ የድሆችን መጠለያ አጨናነቀ፤ በርካሽ እየሠራ የሠራተኛውን ደመወዝ አወረደ፤ ከወገኖቹ ጋር ተኮማትሮ ይኖራል፤ ከእኛ ጋር ሊዋሐድ አይችልም የሚል ነበር። አንባቢ ይህን ዝርዝር በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የዚህ ነገር ፍጻሜ ይታወቃል። በ1960 የእነዚያ አየርላንዳውያን ዘር የሆነው ጆን ኬነዲ የመጀመሪያው ካቶሊካዊ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። የሮም ጳጳስ ይገዛናል ተብሎ በተፈራባት በዚያች አገር የተወለደ ካህን ደግሞ በግንቦት 2025 ልዮን 14ኛ ተብሎ በጴጥሮስ መንበር ተቀመጠ። እርሳቸውም በዚያው ወር ለአገሮች አምባሳደሮች ሲናገሩ ራሳቸው የስደተኞች ዘር፣ በኋላም ስደተኛ እንደ ነበሩ አስታውሰዋል።

የሚንቀሳቀስ ድንበር

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፣ ሰዎች ተሳስተው ነበር፤ በኋላ ተማሩ ባልን ነበር። ነገር ግን የሚያሳዝነው ክፍል ከዚህ ይቀጥላል።

በ1907 የአሜሪካ ምክር ቤት የስደተኞችን ጉዳይ የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ። በሴናተር ዲሊንግሃም የተመራው ይህ ኮሚሽን በ1911 ባወጣው 41 ቅጽ ዘገባ ስደተኞችን «አሮጌ» እና «አዲስ» ብሎ በሁለት ከፈላቸው። «አሮጌዎቹ» ከሰሜንና ከምዕራብ አውሮፓ የመጡት ናቸው፤ እነርሱም ታታሪና በቀላሉ የሚዋሐዱ ተባሉ። «አዲሶቹ» ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡት ኢጣሊያውያን፣ ፖላንዳውያን፣ አይሁድና የመሳሰሉት ሲሆኑ፣ ለመዋሐድ የማይመቹ ተብለው ተፈረደባቸው። እነሆ፣ ከስድሳ ዓመት በፊት ሊዋሐድ አይችልም የተባለው አየርላንዳዊ አሁን ከመልካሞቹ ተቆጠረ። እንዲያውም ሌላውን ለመንቀፍ ምሳሌ ሆኖ ተጠቀሰ።

ውጤቱም ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1891 በኒው ኦርሊንስ 11 ኢጣሊያውያን በቁጡ ሕዝብ እጅ ተገድለው ነበር። በ1924 የወጣው ሕግ ደግሞ ከእያንዳንዱ አገር የሚገባውን ሰው ቁጥር የወሰነው በ1890 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ነበር፤ በዚያ ዘመን ኢጣሊያውያንና ፖላንዳውያን በአሜሪካ ገና ጥቂት ስለ ነበሩ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት በአንድ ዓመት ከ200,000 በላይ ኢጣሊያውያን የገቡባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ በአዲሱ ሕግ የኢጣሊያ ድርሻ በዓመት 3,845 ሰው ብቻ ሆነ። ለቻይናውያን ደግሞ በሩ ከ1882 ጀምሮ እስከ 1943 ተዘግቶ ኖረ።

በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተው ይህ አሠራር በ1965 ተሻረ፤ በ1980 ደግሞ የስደተኞች ሕግ ወጣ። ከአብዮቱ ሸሽተው በሱዳን በኩል ያለፉ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በዚህ ሕግ አሜሪካ ገቡ። ዛሬ ደግሞ የኢጣሊያዊውና የፖላንዳዊው የልጅ ልጅ ድንበሩን ወደ ፊት ገፍቶ ከላቲን አሜሪካ፣ ከእስያና ከአፍሪካ በሚመጣው ላይ ያቆመበት ጊዜ ብዙ ነው። «አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም» ሲልም ይደመጣል።

«አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም»

ይህን አባባል በቅንነት መመርመር ይገባናል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገሮችን ይዟል።

አንደኛው፣ አያቶቻችን በሕጋዊ መንገድ ገቡ የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሕጉ ምን ነበር? ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከአውሮፓ የሚነሣ ድኃ ቪዛ አይጠየቅም፤ የኮታ ወረፋም አልነበረበትም። በ1892 በተከፈተው በኤሊስ ደሴት የመግቢያ ጣቢያ ሐኪም ያየዋል፤ ሹም ይጠይቀዋል፤ ከመቶው 98 የሚሆኑት ያልፉ ነበር። አያቱ ሕግ አክባሪ ነበር፤ ሕጉም በሩን ከፍቶ ይጠብቀው ነበር። ዛሬ ለብዙ ድሆች እንዲህ ያለ በር የለም። በተከፈተ በር የገባውን ከተዘጋ በር ፊት ከቆመው ጋር ማወዳደር የሁለቱን ሰዎች ጠባይ አይመዝንም፤ የሚመዝነው በሮቹን ነው።

ሁለተኛው፣ አያቶቻችን ቋንቋውን ወዲያው ተማሩ የሚለው ነው። ጀርመናውያን ስደተኞች ግን ለብዙ አሥርተ ዓመታት በቋንቋቸው በመቶ የሚቆጠሩ ጋዜጦች ያትሙ፣ በቁምስና ትምህርት ቤቶቻቸውም በጀርመንኛ ያስተምሩ ነበር። ይህ የተዳከመው በተለይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፍርሃትና በክልከላ ምክንያት ነው፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1923 ክልከላው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈርዷል። በብዙ ቤቶች አያት በእናት ቋንቋዋ ኖራ ሞተች፤ ልጇ በሁለቱ ተናገረ፤ የልጅ ልጇ እንግሊዝኛ ብቻ ቀረለት። በዛሬዎቹ ስደተኞች ቤትም አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ይኸው የሦስት ትውልድ ሥርዓት ነው።

ሦስተኛው፣ አያቶቻችን የማንንም እርዳታ አልጠየቁም የሚለው ነው። እንደ እኛ እድር ያሉ የመረዳጃ ማኅበራት፣ የቁምስና ትምህርት ቤቶች፣ ደናግል ያቋቋሟቸው ሆስፒታሎችና የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ግን ለማን ተሠሩ? በራሱ እግር ብቻ የቆመ ስደተኛ በየትኛውም ዘመን እምብዛም አይገኝም።

ይህን ስንል ሁለቱ ዘመናት አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም። ትናንት ማንበብ የማይችል ሰው በፋብሪካ ሥራ ያገኝ ነበር፤ ዛሬ ብዙው ሥራ ትምህርት ይጠይቃል። ትናንት ያልነበረ የመንግሥት ድጎማ ዛሬ አለ፤ ወጪውም ጥያቄ ያስነሣል። ደግሞም ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍዋ (ቁጥር 2241) የምታስተምረው ሁለቱንም ወገን ነው። ባለጸጎች አገሮች በሚቻላቸው መጠን ስደተኛውን የመቀበል ግዴታ አለባቸው፤ ባለሥልጣናትም ለጋራ ጥቅም ሲሉ አገባቡን በሕግ ሊወስኑ ይችላሉ፤ ስደተኛውም የተቀበለችውን አገር ቅርስና ሕግ ማክበር አለበት። እንግዲህ ስለ ቁጥርና ስለ ሕግ የሚከራከር ሁሉ ጨካኝ ነው ማለት አይገባም። እኛ የምንቃወመው ክርክሩን አይደለም፤ በክርክሩ ውስጥ የተሸሸገውን ሁለተኛውን ድንጋይ ነው።

ሁለተኛው ድንጋይ ይህ ነው፤ የአያታችንን ፍጻሜ ከእንግዳው መጀመሪያ ጋር እናነጻጽራለን። አያታችንን የምናውቀው ሠርቶ፣ ወልዶ፣ ልጆቹን አስተምሮ፣ ተከብሮ ከተቀበረ በኋላ ነው። እንግዳውን ግን የምናየው ገና ከመንገዱ ሳያርፍ፣ ቃል ሳይገጥምለት፣ ቤት ሳያገኝ ነው። የአያታችንም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ነበረ፤ ያን ቀን ግን አላየነውም፤ የነገሩንም አሳምረው ነገሩን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የስደት ታሪክ ግን የተወጋውም የልጅ ልጅ ሊረሳ እንደሚችል ያሳየናል። ስለዚህ ነው እግዚአብሔር እስራኤልን መጻተኛን ውደድ ብሎ ባዘዘ ጊዜ በግብፅ የነበሩበትን ዘመን ደጋግሞ ያሳሰባቸው (ዘሌ 19፣34፤ ዘዳ 10፣19)። የትእዛዙ መሠረት ትዝታ ነው፤ ትዝታው ሲጠፋ ትእዛዙም ይከብዳል።

በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ

ይህ ድካም ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ብቻ የታየ ቢሆን ኖሮ ለመናገር በቀለለን ነበር። ኢጣሊያውያን ኒው ዮርክ በደረሱ ጊዜ አየርላንዳውያን በሚመሩአቸው አንዳንድ ቁምስናዎች ቅዳሴ የሚያስቀድሱት ከዋናው ቤተ መቅደስ በታች ባለው ምድር ቤት ነበር። ትናንት ገዳማቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ወገኖች ዛሬ ወንድሞቻቸውን ወደ ታችኛው ቤት አወረዱ።

በተለይ የምሥራቅ ሥርዓት ተከታዮች ለሆንነው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በ1889 አባ አሌክሲስ ቶት የሚባሉ የቢዛንታይን ሥርዓት ካቶሊካዊ ካህን በሚኒያፖሊስ የሚኖሩ ስደተኛ ወገኖቻቸውን ሊያገለግሉ መጥተው ለሊቀ ጳጳሱ ለጆን አየርላንድ ራሳቸውን አቀረቡ። አባ ቶት እንደ ሥርዓታቸው አግብተው የነበሩና ሚስታቸው የሞተችባቸው ካህን ነበሩ። ሊቀ ጳጳሱ አልተቀበሏቸውም። በ1891 ካህኑ ከነምእመናናቸው ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ወጥተው ወደ ሩስያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጨመሩ፤ በኋላም ብዙ ሺህ ሰው ተከተላቸው።

ሊቀ ጳጳስ አየርላንድ ክፉ ሰው አልነበሩም። ለሠራተኛውና ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የተናገሩ፣ ብዙ የደከሙ እረኛ ነበሩ። ነገር ግን ራሳቸው በልጅነታቸው ከአየርላንድ የተሰደዱ ሲሆኑ፣ ካቶሊካውያን በፍጥነት አሜሪካውያን እንዲመስሉ አጥብቀው ይሹ ነበር። ብዙ መከራ ታልፎ የተገኘው ክብር እንግዳ በሚመስል ሥርዓት ምክንያት እንዳይጠፋ ሰግተው ይሆናል። በዚህም ለእኛ ትምህርት አለ። በሁለት ሚዛን የሚመዝን ሰው ሁልጊዜ ጠላት አይደለም፤ አንዳንዴ ትናንት የተናቀና ዳግመኛ እንዳይናቅ የሚፈራ ሰው ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሌላም መልስ ሰጥታለች። የፒያቼንዛ ጳጳስ ዮሐንስ መጥምቅ ስካላብሪኒ በ1887 ለስደተኞች የሚሠራ ማኅበር መሠረቱ፤ በ2022 ቅዱስ ተብለው ታወጁ። ወደ ቻይና መሄድን ትመኝ የነበረችው እማሆይ ፍራንችስካ ካብሪኒ በር.ሊ.ጳ. ልዮን 13ኛ ምክር ፊቷን ወደ ምዕራብ አቅንታ በ1889 ኒው ዮርክ ገባች። ኢጣሊያውያኑን በቋንቋቸው አገለገለች፤ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሠራች፤ በ1909 ራሷ የአሜሪካ ዜጋ ሆነች። በ1946 ቅድስናዋ ታወጀ፤ በ1950 የስደተኞች ጠባቂ ተባለች። አሜሪካዊት ለመሆን ኢጣሊያዊነትዋን መካድ አላስፈለጋትም።

መዋጥና መዋሐድ

ከዚህ በመነሣት መዋሐድን ከመዋጥ መለየት ይገባናል። የተዋጠ ነገር የዋጠውን ይመስላል፤ ራሱ ግን አይገኝም። የተዋሐደ ግን የራሱን ይዞ ከሌላው ጋር አንድ ማዕድ ይቀርባል። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ለ2018 የስደተኞች ቀን ባስተላለፉት መልእክት አራት ግሶችን ሰጥተውን ነበር፤ መቀበል፣ መጠበቅ፣ ማሳደግና ማዋሐድ። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። ማዋሐድ የመጣው በመጨረሻ ነው። አስቀድሞ ምሰለንና በኋላ እንቀበልሃለን የሚል ሰው ፍሬውን ከሥሩ በፊት ይጠይቃል።

እንግዳውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ቅዱስ ዩስጢኖስ ዘያዕቆብ በ1839 ከኢጣሊያ ወደ አገራችን በመጡ ጊዜ የሕዝቡን ቋንቋና ልማድ ተማሩ፤ እንደ አገሩ ሰው ለብሰው፣ እንደ አገሩ ሰው ተመግበው፣ የግእዝን ሥርዓት አክብረው ኖሩ። በ1860 ሲሞቱ እንደ አባት ተለቀሰላቸው። ማንም አስገድዷቸው አይደለም፤ ፍቅር አስተማራቸው እንጂ። ዛሬ በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱ ልጆቻችንም የሚኖሩበትን አገር ቋንቋና ሕግ ተምረው ቅዳሴያቸውን ሲጠብቁ ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ።

በገዛ ቤታችን

እስካሁን ስለ ሌላ አገር ተናገርን። በሌላው ላይ የፈረድነው ፍርድ ግን ወደ እኛ መመለሱ አይቀርም። ሃይማኖታችንን ያጸናልን አቡነ ሰላማ ፍሬምናጦስ ከጢሮስ ተነሥቶ፣ መርከቡ ተዘርፎ፣ በልጅነቱ ወደ አክሱም የተወሰደ ባዕድ ነበር። ዘጠኙ ቅዱሳንም ከውጭ መጡ። በሰባተኛው መቶ ዓመት በመካ የተሰደዱትን የመጀመሪያዎቹን እስላሞች የአክሱም ንጉሥ ማስጠጋቱን በኩራት እንተርካለን። ይህ ኩራት ይገባናል።

ነገር ግን የአክሱምን እንግዳ የምናወድስበት ድንጋይና የዛሬውን እንግዳ የምንመዝንበት ድንጋይ አንድ ነውን? በአገራችን ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማልያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞች ተጠልለዋል። ከገዛ ወገኖቻችንም በጦርነት ቤታቸውን ጥለው በየከተማው የተጠጉ ብዙ ናቸው። ስለ እነርሱ ምን ይባላል? የቤት ኪራይ አስወደዱብን፣ ሥራ ተሻሙን፣ ሌብነት አመጡብን፣ ከወገናቸው በቀር ከማንም አይገጥሙም። ቀደም ሲል በልባችሁ ያዙልን ያልነው የቦስተንና የፊላደልፍያ ዝርዝር ይህ አይደለምን? ይህን የሚናገረው ሰው ደግሞ ማታ በጸሎቱ፣ በዐረብ አገር ያለች ልጁን አሠሪዎችዋ እንዲራሩላት እግዚአብሔርን የሚለምን አባት ሊሆን ይችላል። ልመናው ቅን ነው። ሆኖም ለልጁ የሚለምነውንና ለጎረቤቱ የሚነፍገውን በአንድ አፍ ይዞ መቆም አይችልም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ራሱን ከእንግዳው ጋር አንድ ባደረገ ጊዜ፣ እንግዳው የትኛው ዘመን ሰው መሆን እንዳለበት አልወሰነም።

ስለዚህ በየቁምስናው የምታስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ሦስት ጥያቄዎችን በክፍላችሁ እንድታነሡ እንጠይቃለን። ከቤተሰባችን መጀመሪያ ወደዚህ ከተማ የመጣው ማን ነበር? በመጀመሪያው ቀን ማን በር ከፈተለት፣ ማንስ ዘጋበት? ዛሬ በሰፈራችን በዚያ ቀን ላይ የሚገኘው ማን ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ልጆች ከወላጆቻቸውና ከአያቶቻቸው ጠይቀው ይምጡ። ሦስተኛውን ግን ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው፣ ማንም ሰላም ሳይለው የሚወጣውን ሰው አይተው ራሳቸው ይመልሱት።